የቱቦ ምግብ በኢንሹራንስ እንዲሸፈን ያደረግነው

እናቴ የምትመገበው ሆዷ ላይ በገባው ቱቦ ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ ኢንሹራንሷ በቱቦው የሚሰጣትን ፈሳሽ ምግብ፣ ፎርሙላውን፣ ሁለት ጊዜ «አንሸፍንም» አለ።

መጀመሪያ ማዘዣውን ፋርማሲ ወሰድኩ። «ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም» ተባልኩ። ከዚያ ስልክ። ሦስት ቀን ሙሉ የመጠበቂያ ሙዚቃ ሰማሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

በመጨረሻ እምቢታውን በጽሑፍ ላኩልኝ አልኩ። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፦ የተጠየቀው በመድኃኒት ሽፋን በኩል ነው። ለካ በእሷ ፕላን ፎርሙላው የሚገባው ምግቡን በቱቦው ከሚገፋው ፓምፕ ጋር፣ በሕክምና መሣሪያ ሽፋን ነው! ማዘዣውን ወደ መሣሪያ አቅራቢ አዞርነው። ሐኪሟም «እንደ አስፈላጊነቱ» የምትለዋን ሰርዞ የበሽታውን ስም፣ በአፍ መዋጥ እንደማትችል፣ የቀን ካሎሪዋንና ለስንት ወር እንደሆነ ጻፈ።

አንድ ጣጣ ቀረ። አቅራቢው ለኢንሹራንሱ የክፍያ ጥያቄውን በጣሳ ቆጥሮ ላከ። የእሷ ፎርሙላ የክፍያ መጠየቂያ ኮድ፣ ቢ4150 (B4150)፣ የሚቆጠረው ግን በ100 ካሎሪ ነው። በቀን 1500 ካሎሪ ማለት 15 ዩኒት፣ በ30 ቀን 450። ይህ በተስተካከለ በአራተኛው ቀን ጸደቀ። ኮዱ እንደ ፎርሙላው ዓይነት ይለያያልና የእናንተን አቅራቢውን ጠይቁ።