የእናት አባታችሁን ወረቀት ዛሬ አሰባስቡ፦ ውጭ ላላችሁ የድሬ ልጆች

ውጭ ሆናችሁ ድሬዳዋ ላይ የምታስጨርሱት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ቤት፣ ቦታና ውርስ ነው። የዜግነት ማስረጃ ግን «ይደርሳል» እየተባለ ይቆያል። እኔ ከሁሉም በፊት እሱን ያዙ እላለሁ።

ሕጉ አይከብድም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው፣ የትም ይወለድ። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ድሬ የባቡር ከተማ ናት። አባት ድሬ፣ ልጅ ጅቡቲ የተወለደበት ቤተሰብ ሞልቷል።

ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ከታንዛኒያው የአኑዶ ጉዳይ እዩ። መንግሥት ፓስፖርቱን ቀምቶ «ዜጋችን አይደለህም» አለው፤ ወደ ኬንያ አባረረው። ኬንያም አልተቀበለችውም። ሰውየው በሁለቱ አገሮች ድንበር መሀል የማንም ባልሆነ መሬት ላይ ቀረ። አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ፈረደለት። እንደ ዜጋ ሰነድ ስትሰጠው የኖረች አገር ዜግነቱን ከካደች የማስረዳቱ ሸክም የእሷ ነው አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ በተከሰሰችበት በሌላው፣ በፔኔሲስ ጉዳይም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ኢትዮጵያ የዚህን ፍርድ ቤት ፕሮቶኮል (ማቋቋሚያ ስምምነት) ስላላጸደቀች ውሳኔው እኛን አያስገድድም። ትምህርቱ ግን ይገባናል፤ ሰነድ በእጁ ያለው ሰው ተከራክሮ የመርታት ዕድል አለው።

በቀጥታ የሚነካንም አለ። የኢትዮ-ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. ዘ ሄግ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ በጦርነቱ ጊዜ በሦስተኛ አገር የነበሩ ጥምር ዜጎች (የኢትዮጵያም የኤርትራም ዜግነት ያላቸው) ኢትዮጵያዊነታቸውን መነጠቃቸው በዘፈቀደ የተፈጸመ ነው ብሏል። ያኔ ውጭ የነበራችሁ ወይም ወላጆቻችሁ የነበሩ፣ ይህን ለጠበቃችሁ ንገሩ።

አሁን ወደ ሥራው። የአባት የቀበሌ መታወቂያ፣ የምድር ባቡር የጡረታ ደብተር፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክርስትና ወይም የኒካህ ወረቀት፣ ሁሉም ይጠቅማል። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት) ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙዎቻችን የልደት ምዝገባ የለንም፤ በዘገየ ምዝገባ አስወጡ። ስም ላይ ተጠንቀቁ። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ «ዩሱፍ»፣ ሌላው ላይ «ዮሴፍ» ከሆነ ወዲያው አሳርሙት። የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ነው ይህ የሚቀለው።

የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው በአዋጅ 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለመመለስ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖር፣ ሌላውን ዜግነት መተውና ማመልከት ይጠይቃል። ውጭ ተወልደው የሌላ አገር ዜግነት ያገኙ ልጆች ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሆነው ለመቀጠል 18 ዓመት በሞላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትተው ማሳወቅ አለባቸው። ይህ ቀን ሲያልፍ የሚያስታውስ የለም፤ በጣም ያሳስበኛል። ቢጫ ካርድ (በአዋጅ 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ) ለማውጣትም የራስን ወይም የወላጅን፣ የአያትን፣ የቅድመ አያትን ዜግነት የሚያሳይ ያው ወረቀት ነው የሚፈለገው።

ለዘመድ ውክልና ስትሰጡ «የልደትና የዜግነት ሰነድ ለማውጣት» የሚል በግልጽ ይጻፍበት። ኤምባሲ ካረጋገጠው በኋላ አገር ቤት ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ክርክር ከመጣ የዜግነት ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንጂ የከተማው ፍርድ ቤት ሥራ አይደለም። ስለዚህ ጠበቃ ስትይዙ የፌዴራል ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ።