ትልን በፒሲአር መመርመር፦ ሥራው ከማሽኑ በፊት ነው

አንዴ የገባሁበትን ጣጣ ልንገራችሁ። የወስፋት እንቁላል በማይክሮስኮፕ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ያው ሰገራ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ሲሠራለት «የለም» አለኝ። ማሽኑን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር፤ እንቁላሉን ሳልሰብር ነው ዲኤንኤ ያወጣሁት።

የወስፋትና የጅራፍ መሰል ትል እንቁላል ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። የዲኤንኤ ማውጫው ኪት ፈሳሽ ብቻውን አይበግረውም። ስለዚህ ሰገራውን ከጥቃቅን ጠንካራ ዶቃዎች ጋር ቲዩብ ውስጥ ክተቱና አጥብቃችሁ አናውጡት። ሽንብራ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚመስል ድምፅ ካልሰማችሁ፣ ገና ነው።

ናሙናው መበላሸት የሚጀምረው ግን መስክ ላይ ነው። ፎርማሊን ውስጥ አትጨምሩት፤ ለማይክሮስኮፕ ይሆናል፣ ዲኤንኤን ግን ይጎዳል። 96 በመቶ ኤታኖል፣ የሰገራውን ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጉበት። ከዚያ በጥብጡት። ድቡልቡል ሆኖ ከተቀመጠ አልኮሉ መሃሉ አይደርስም። ላብራቶሪ ሲገባ በሴንትሪፊዩጅ አዙራችሁ አልኮሉን ድፉና እጠቡት። የቀረ አልኮል ፒሲአሩን ያፍናል።

ሰገራ ራሱም አፋኝ አለበት። ለዚህ ነው ዲኤንኤ ስናወጣ የሲል ሄርፒስ ቫይረስ በልክ የምንጨምረው። አዎ፣ የባሕሩ እንስሳ ሲል! ሰው ሰገራ ውስጥ ስለማይገኝ ለቁጥጥር ይመቻል። ማሽኑ ላይ የቫይረሱ ምልክት ከዘገየ ወይም ከጠፋ «ትል የለም» ብላችሁ ውጤት አትጻፉ። ዲኤንኤውን 10 እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙት። ሰገራ የሌለበት ባዶ ቲዩብም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ይሂድ። እሱ ፖዘቲቭ ካለ ሁሉንም ጣሉት፤ ያማል፣ ግን ጣሉት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ካቶ ካትዝ (ሰገራን በግሊሰሪን አጥርቶ እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ መቁጠሪያ ዘዴ) ላይ የመንጠቆ ትል እንቁላል በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተነበበ ግሊሰሪኑ ያጠፋዋል። ሁለቱ የመንጠቆ ትል ዓይነቶች፣ ኔካተርና አንኪሎስቶማ፣ ደግሞ በእንቁላል አይለዩም። ፒሲአር ይለያቸዋል።

ሲቲ ቁጥሩ (ማሽኑ ዲኤንኤውን ያየበት የማባዣ ዙር) በ3.3 ገደማ ሲወርድ ዲኤንኤው 10 እጥፍ በዛ ማለት ነው። ትሉ 10 እጥፍ በዛ ማለት ግን አይደለም። የመንጠቆ ትል እንቁላል ሙቀት ላይ ከዋለ ውስጡ ያለው ሴል ይባዛል፤ ዲኤንኤውም አብሮ ይጨምራል። ለዚህ ነው እኔ ቲዩቡ ላይ ሁለት ሰዓቶችን የምጽፈው፦ ሰገራው የተሰጠበትንና አልኮል የገባበትን።