አዲስ አበባ ስትሄዱ ጥሩ የቻይና ምግብ ቤት እንዴት እንደሚገኝ (ከጎንደር ለምትነሱ)

ባለፈው ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ ለስልጠና አዲስ አበባ ሊሄድ ነበርና «አንተ ቻይናዎች ጋ ሰርተህ የለ እንዴ፣ እስቲ የት ነው የቻይና ምግብ ሚበላው?» አለኝ። የት ብሎ መመለስ ደሞ ከባድ ነው፣ ዛሬ ያለው ቤት በስድስት ወሩ ሊዘጋ ይችላል፣ ቤቱ ባይዘጋ ሼፉ ሀገሩ ይገባል፣ ስለዚ ስም ከምነግርህ አፈላለጉን ልንገርህ ብዬ ጀመርኩ ማኪያቶውም ቀዘቀዘ። እዚም የምጽፈው ያንኑ ነው። እኔ የምግብ አዋቂ ምናምን አደለሁም፣ መንገድ ስራ ላይ ረዳት ሰርቬየር ሆኜ ሁለት አመት ካምፕ ውስጥ ስኖር ከቻይናዎቹ ኩሽና በልቼ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ «የቻይና ምግብ» ሚባል አንድ ነገር አለ ብላችሁ አትነሱ። አንድ ፈረንጅ መጥቶ «የኢትዮጵያ ምግብ ምርጡ የት ነው» ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን ፈልገህ ነው ብላችሁ ነው፣ ክትፎ ከሆነ ጉራጌ ቤት ትልኩታላችሁ፣ ጥህሎ ካለ ትግሬ ቤት፣ ዶሮ ወጥ ካለማ ጎንደሬ ሴት ትፈለጋለች (በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም)። እነሱም እንደዛው ናቸው፣ ሀገሩ ደሞ ከኛ ስንት እጥፍ ነው። ስለዚ ቤት ስታገኙ ዋናው ጥያቄ «ሼፉ የየት ክፍለ ሃገር ሰው ነው?» ሚለው ነው። አስተናጋጇ ሀበሻ ብትሆንም ታውቃለች፣ ባታውቅ ገብታ ትጠይቅላችኋለች፣ ሼፉም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ እኔ ሁለቴ ሼፉ ራሱ ወጥቶ አናግሮኛል።

መልሱ ሲቹዋን ከሆነ ለኛ ሰው ብዙ አያስቸግርም፣ በርበሬ ወዳዶች ናቸው። ግን ከበርበሬው ጋር ኋጅያው ሚሉት ምላስ ሚያደነዝዝ ቅመም አለ፣ ጥርስ ሀኪም ጋ መርፌ የተወጋችሁ ነው ሚመስላችሁ፣ መጀመሪያ ቀን የበላሁ ለት ታመምኩ ብዬ ነበር። እና አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ፣ ሲቹዋኖች የሚታወቁበት ዶባንጅያንግ የሚባል ቀይ ድልህ መሳይ ነገር አለ፣ የካምፓችን ሼፍ በትልቅ ባልዲ አስቀምጦ ለሁሉ ነገር ይጨምረው ነበር፣ ከምንድነው ሚሰራው ብዬ ሳስጠይቅ ከባቄላ ነው፣ ባቄላውን አብላልተው ከበርበሬና ከጨው ጋር ለወራት አንዳንዴም ለአመታት ያቆዩታል። በቃ ስልጆ ነው አልኩ እኔ። ሱፍና ሰናፍጭ የለውም በርበሬ አለው እንጂ የተብላላ ባቄላ እስከሆነ ድረስ ዘመዳችን ነው። ማፖ ዶፉ የሚባለው የቶፉ (ከሶያ ሚሰራ አይብ መሳይ ነገር) ወጥም የሚሰራው በሱ ነው።

ሁናን ከተባላችሁ ማደንዘዣ የለም ቀጥታ ማቃጠል ነው። ጓንግዶንግ ማለት የሆንግ ኮንግ ጎን ያሉት፣ እነሱ በእንፋሎት ያበስሉታል፣ ዝንጅብልና ትንሽ ሶያ ሶስ፣ አለቀ። የጎንደር ሰው መጀመሪያ ሲቀምሰው «ቅመሙን ረስተውት ነው?» ይላል፣ ግን እዛ ቤት የሚታየው የእቃው ትኩስነት ስለሆነ አሳ ማዘዝ ያለባችሁ እዛ ነው፣ እኛ ከጣና የመጣውን ቆሮሶ እስኪንኮሻኮሽ ጠብሶ መብላት ስለለመድን በእንፋሎት የበሰለ አሳ ከነጭንቅላቱ ሲቀርብ ያስደነግጣል፣ ብሉት ግን። ዶንግቤይ የሰሜን ብርዳማው ሀገር ነው፣ ስንዴ በላዎች ናቸው፣ ጅያውዝ የሚባለውን ስጋ ወይ አትክልት የተጠቀለለበትን ሊጥ እዛ ብሉ። ላንዦ የሚባለውን ከተማ ምግብ መጨረሻ ያቆየሁት ለብቻው ሚነገር ነገር ስላለው ነው።

እሱም የአሳማ ጉዳይ። ጎንደር ተወልዶ ክርስቲያኑም የአዲስ ዓለሙ ሙስሊምም አሳማ ሲባል እኩል ነው ሚዘገንነው፣ እና ብዙ ሰው የቻይና ቤት የማይገባው በዚ ነው። ማወቅ ያለባችሁ በቻይንኛ ሜኑ ላይ «ሮው» ማለትም ስጋ ብቻ ተብሎ የምን ስጋ እንደሆነ ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። በሬ ኒዮሮው፣ በግና ፍየል ያንግሮው፣ ዶሮ ጂ፣ አሳማ ዡሮው ነው። «ዎ ቡ ቺ ዡሮው» ካላችሁ አሳማ አልበላም ማለት ነው፣ አነጋገራችሁ ቢበላሽም ይገባቸዋል። ግን በዚ አያልቅም፣ አንዳንድ ቤት አትክልቱንም በአሳማ ሞራ ይጠብሰዋል፣ ዡዮ ይሉታል፣ ስለዚ ዡዮም ይቅርብኝ ማለት አለባችሁ፣ መጥበሻውም ያው አንድ ነው። ይሄ ጨርሶ ሚያስጠላችሁ ከሆነ መፍትሄው ላንዦ ነው። የላንዦ የበሬ ስጋ ኑድል የሁዪ ሙስሊሞች ምግብ ነው፣ ሊጡን በእጅ እየጎተቱ ሲያቀጥኑት ማየት ራሱ ያጠግባል፣ መረቁ ጥርት ያለ፣ ላዩ ላይ የበርበሬ ዘይት። እንደዚ አይነት ቤቶች «ቺንግዠን» ብለው ይጽፋሉ ሃላል ማለት ነው፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው አረብኛም አይጠፋውም። ስጋው የማን ባራኪ ነው ሚለው ደሞ ለክርስቲያኑ ሌላ ጥያቄ ስለሆነ እሱን እናንተው ተነጋገሩበት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ከማንም ቤት የተሻለ ምርጫ እዛ ነው ያለው ግን ተጠንቀቁ። «ዎ ቺ ሱ» በሉ፣ አትክልት ብቻ ነው ምበላው ማለት ነው። ቶፉ፣ ደበርጃን፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ ሁሉ አለ። ችግሩ ኦይስተር ሶስ የሚባለው ጥቁር ወፍራም ሶስ ከባህር እንስሳ ነው፣ ጣዕም እንዲሰጥ ሚነሰንሱት ዱቄትም የዶሮ ሊሆን ይችላል፣ እንቁላልማ ሩዝ ውስጥ ሳይጠየቅ ይገባል። ሶስቱንም በስም አንሱ። «ጾም ነኝ» ብቻ ካላችሁ አስተናጋጇ ይገባታል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ስጋውን አውጥቶ በዛው መረቅ ይሰጣችኋል።

አሁን ቤቱን ፍለጋ። ቦሌ አካባቢ ጀምሩ፣ ወሎ ሰፈርና ሩዋንዳ ጎን ቻይናዎች በብዛት ሚታዩበት ነው። ስልካችሁ ላይ ማፕ ከፍታችሁ ፈልጉ፣ ስንት ኮከብ እንዳለው ግን አትዩ ፎቶዎቹን እዩ። ፎቶው ላይ ስፕሪንግ ሮልና ጣፋጭ ዶሮ ብቻ ካለ እሱ ለኛ ተብሎ የተሰራ ነው፣ መጥፎ ነው ማለቴ አደለም ግን ለሱ ብላችሁ ታክሲ አትክፈሉ። ክብ ጠረጴዛ፣ መሀሉ ሚሽከረከር መስታወት፣ አጥንት ያለው ነገር፣ ሙሉ አሳ፣ ትልቅ የሆት ፖት (ጠረጴዛ ላይ መረቅ እየፈላ ሚበላበት) ድስት ካያችሁ እሱን ያዙ። በቻይንኛ የተጻፉ አስተያየቶችን አንድ በአንድ አስተርጉሙ፣ ስለ ዋጋና ስለ ጣዕም ሚነጫነጩት እነሱ ናቸው እውነተኞቹ። ብዙዎቹ ቤቶች ድሮ መኖሪያ የነበረ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ከውጪ በር ላይ ቀይ ፋኖስ ብቻ ነው ሚታየው፣ እኔ አንዱን ሶስት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ ዘበኛው ነው የጠራኝ። የጣሪያና የግድግዳ ጌጥ ምንም አይነግራችሁም፣ ከበላሁባቸው ሁሉ ምርጡ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ነበረው።

ሰዓቱ ሚታለፍ ነገር አደለም። ቻይናዎች ምሳ ስድስት ሰዓት እራት አስራ ሁለት ሰዓት ነው ሚበሉት፣ ካምፕ እያለን አስራ ሁለት ከሩብ ሆኖ ካልመጣህ ድስቱ ታጥቦ ነበር ሚቆየው። ስለዚ በኛ ልማድ ማታ ሁለት ተኩል ሶስት ሰዓት አትሂዱ፣ ሼፉም ይደክመዋል አሳውም ያልቃል። እሁድ ምሳ ስድስት ሰዓት ሂዱና ማን እየበላ እንደሆነ እዩ። ቻይናዎች መኖራቸው ብቻ አይበቃም፣ ሽማግሌ አለ ወይ፣ ልጅ ይዘው መጥተዋል ወይ፣ ወይስ ኮት የለበሱ ሰዎች ለቢዝነስ ተጋብዘው ነው ሚለውን እዩ፣ የተጋበዘ ሰው የትም ይበላል።

ከገባችሁ በኋላ ሜኑ ሁለት ሊሆን ይችላል። ለኛ ሚሰጡት በእንግሊዝኛ ያለው አጭሩ ነው፣ ሌላ ወፍራም በፎቶ የተሞላ አለ፣ እሱን ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ትርጉም አፕ በካሜራ ቻይንኛውን ይገለብጥላችኋል፣ አንዳንዴ ሚያስቅ ነገር ያወጣል ግን ዶሮ ይሁን አሳማ ለመለየት ይበቃል። እሱም ካቃታችሁ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን በጣት አሳዩ፣ በኛ ሀገር ነውር ነው እዛ ግን ማንም ምንም አይላችሁም ባይሆን ይስቃሉ።

ሙሉ ምግብ ከማዘዛችሁ በፊት ግን አንድ መፈተኛ እዘዙ፣ ቱዶው ስ። ድንች ነው በቃ። እንደ ክር ቀጭን ተከትፎ በሃይለኛ እሳት በኮምጣጤና በበርበሬ ቶሎ ተገላብጦ ሚወጣ፣ ርካሽ ነው፣ ለጾምም ይሆናል። ድንቹ ጥርስ ላይ ቀጭ ማለት አለበት፣ ጥሬ ነው ብላችሁ እንዳትመልሱት እንደዛ ነው ሚበላው። ክሩ እኩል ከሆነ ሰውየው ቢላ ያውቃል፣ ሳይልፈሰፈስ ውሃ ሳያቁርና ከመጥበሻው የእሳት ሽታ ይዞ ከመጣ እሳት ያውቃል። ድንቹ ቅቅል ከሆነባችሁ ሂሳብ ከፍላችሁ ውጡ። ሩዙንም እዩት፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ስለዚ ግዴለሽ ቤት ሩዙ መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ጨው የለውም ብላችሁ ደሞ አትማረሩ፣ እንደ እንጀራ ወጡን ሚቀበል ነው።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ኑድል ብሉና ውጡ። አራት ከሆናችሁ አራት ወይ አምስት አይነት አንድ ላይ መሀል አስቀምጣችሁ ብሉ፣ አንድ ስጋ፣ አንድ አረንጓዴ አትክልት፣ ቶፉ ወይ አሳ፣ ሾርባ። አብሮ መብላቱን እኛም እናውቃለን። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ አትሰኩት፣ ለሞተ ሰው ሚያጨሱትን እጣን ይመስላል፣ እኔ ካምፕ ውስጥ ሰክቼው ጠረጴዛው ዝም አለ፣ አንዱ ምክንያቱን የነገረኝ በሳምንቱ ነው። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫት 15 ፐርሰንት ሳይጨመር ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ጎንደር ስትመለሱ ዶባንጅያንግ በብልቃጥ ግዙ፣ የቻይና ሸቀጥ ሚሸጡ ሱቆች ጋ አለ። በፕሌን ከሆነ ሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስገቡት፣ በእጅ ከያዛችሁት ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል የኔ አንዱ እንደዛ ነው የቀረው። ሁለተኛውን በሰላም አዘዞ አድርሼ ለአክስቴ ሰጠኋት፣ ቶፉ ከየት ይመጣል በጎመን እሰራልሻለሁ ብያት ነበር። ረቡዕ ቀን ስሄድ እትዬ ብልቃጡን ግማሽ አድርሳዋለች፣ በእንጀራ። «ስልጆው ጥሩ ነው፣ በርበሬው ግን በዛ፣ ሱፉን ረስተውታል» አለችኝ።