የፍሬን ሸራ ድምፅ እስኪያሰማ አይጠበቅም

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር በየዕለቱ የሚወርድ አሽከርካሪ ፍሬኑን በተደጋጋሚ ስለሚይዝ፣ ሸራውን ቀድሞ ማስፈተሽ ይኖርበታል። አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቀየራል። በቸርኬው ክፍተት አጮልቆ ማየት ግን አይበቃም፤ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ከውስጥና ከውጭ የሚጫነው ክፍል) ተንሸራታች ፒኖች በአቧራና በዝገት ሲያዙ የውስጠኛው ሸራ ብቻውን ሊያልቅ ይችላል። እኔ ከውጭ ሲታይ ግማሹ የቀረ የመሰለኝን ሸራ ሳስፈታ፣ የውስጠኛው ባዶ ብረት ዲስኩን ቦርቡሮት አግኝቻለሁ።

የግራና የቀኝ ሸራ ምንጊዜም አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል። ዲስኩም በላዩ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከወረደ ቶርኖ ማስገባት (በማሽን ማስላጥ) አደገኛ ስለሆነ በአዲስ መተካት አለበት።

ጎማው ከተፈታ አይቀር የሰሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) መጋጠሚያ የሚሸፍነውን ላስቲክ ይመልከቱ። በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ግራሶ ተረጭቶ ካዩ ላስቲኩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ላስቲኩንና ግራሶውን መቀየር የሚበቃ ሲሆን፣ መሪው እስከ ጥግ ዞሮ መኪናው ሲንቀሳቀስ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን መጋጠሚያው ራሱ ተበልቷል።

ሸራው ተቀይሮ እንዳለቀ፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ የፍሬኑ ፔዳል እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይርገጡ።