የከዚራን አሮጌ ቤት በሞቀ ቀለም ማስጌጥ

የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከተማዋ የከዚራ ሰፈር ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ወፍራም ግንብ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስና ፀሐይን የሚመክት የእንጨት መስኮት ስላላቸው፣ ውስጣቸው በቀትርም ቢሆን ጥላ ነው። ብዙ ሰው ክፍሉ እንዲበራ ሲል ሁሉንም ነጭ ይቀባዋል፤ ብርሃን በማይበዛበት ክፍል ግን ነጭ ቀለም አመድማ ሆኖ ስለሚታይ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የሸክላ ቀይ ወይም የእርድ ቢጫ ይበልጥ እንደሚስማማ አምናለሁ።

ደማቁ ቀለም የት ማረፍ እንዳለበት ለማወቅ ከሐረር ጀጎል የተሻለ አስተማሪ የለም። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ወለሉና ነደባ የሚባሉት መደቦች ቀይ ሲሆኑ፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ በስፌት ይሞላል፤ ከባዱ ቀለም ከታች ስለሆነ ቤቱ ይሞቃል እንጂ አይጨልምም። በከዚራም ቀዩን ከወለል እስከ 1 ሜትር ገደማ ቀብቶ የላይኛውን የቅቤ ቀለም ማድረግ ይቻላል። ኮርኒሱ እጅግ ከፍ ካለ የኮርኒሱን ቀለም ግድግዳው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ማውረድ ክፍሉን ሰብሰብ ያደርገዋል።

በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ዘይት ቀለም ፈጽሞ ሊቀባ አይገባም። ኖራ እርጥበትን ስቦ መልሶ ያስወጣል፤ ዘይት ቀለም መውጫውን ሲዘጋበት ግን ውሃው ከውስጥ እየተጠራቀመ ቀለሙ ያብጣል፣ ቆይቶም ልስኑን ይዞ ይረግፋል። ስለዚህ በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ከብረት ኦክሳይድ የቀለም ዱቄት ጋር ይደባለቅ፤ ዱቄቱ ሲበዛ ልብስ ላይ ስለሚለቅ ከኖራው ክብደት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በድሬዳዋ ሙቀት ኖራው ሳይጠና ስለሚደርቅ፣ ግድግዳውን አስቀድሞ ውሃ አርከፍክፎ በማለዳ፣ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደገሙ ሦስት ጊዜ መቀባት ያስፈልጋል። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት አይረሱ።

እርጥብ ኖራ ሲደርቅ በእጅጉ ስለሚነጣ፣ ቀለሙን ከባልዲው አይቶ መወሰን ያሳስታል። ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ቀብተው ካደረቁ በኋላ ጠዋት መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቀትር ላይ ተዘግቶ፣ ማታም በመብራት ይዩት። ነጭ አምፖል የቀዩን ሙቀት ስለሚያጠፋው 2,700 ኬልቪን የሚል የተጻፈበትን፣ ማለትም ብርሃኑ ቢጫማ የሆነውን፣ ይግዙ።

የሐረር ሰፌዶችን ከቀዩ በላይ፣ በፈካው ግድግዳ ላይ ይስቀሏቸው፤ ቀይ ላይ ከተሰቀሉ ጥለታቸው ይጠፋል።