«ደውዬለታለሁ»ን ወደ እንግሊዝኛ ስንፈታው

አንዴ በቪዲዮ የሥራ ኢንተርቪው ላይ ሆኜ፣ አሁን ያለሁበት ቦታ ከመቼ ጀምሮ እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «አይ ሃቭ ዎርክድ ሂር ፍሮም 2008» ብዬ አረፍኩት። ሰውዬው ሲቪዬን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ሲቪው ላይ ያለው 2016 ነው። እኔ በኛ አቆጣጠር አሰብኩ፣ እሱ በነሱ ሰማ፣ ትርፏን ስምንት ዓመት ከየት እንዳመጣኋት ሳስረዳ ላብ በላብ ሆንኩ። የሚያስቀው ግን ዓመቱን ካስተካከልን በኋላም ዓረፍተ ነገሩ ልክ አልነበረም። «ፍሮም» ሳይሆን «ሲንስ» ነው የሚባለው። «ከ» የምትለዋን አማርኛ በጭንቅላቴ ሰምቼ ቀጥታ ገለበጥኳት።

ፐርፌክት ቴንስ ላይ፣ ማለትም እንደ «አይ ሃቭ ዎርክድ» ባለው የእንግሊዝኛ የግስ ጊዜ ላይ፣ የምንሳሳተው አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ነው። ሕጉን ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል፣ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ሲደመር ሦስተኛው የግስ ቅርጽ፣ አለቀ። ችግሩ የሚጀምረው ከግሱ በኋላ ነው።

«ደውዬለታለሁ»ን እንያት። አንድ ቃል ናት፣ ግን ሆዷ ውስጥ ብዙ ሰው አለ። ደዋዩ እኔ ነኝ፣ የተደወለለት እሱ ነው፣ «ለ» የምትል መስተዋድድም መሃል ተሸጉጣለች። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ አውጥቶ በተራ ያሰልፈዋል፦ «አይ ሃቭ ኮልድ ሂም»። ቆጥራችሁ ከሆነ ያቺ «ለ» የለችም። እኛ ግን አንለቃትም፣ «ኮልድ ቱ ሂም» እንላለን። በተቃራኒው «ጠብቄሃለሁ» ውስጥ ምንም «ለ» የለም፣ እንግሊዝኛው ግን ያለ «ፎር» አይሄድም፦ «አይ ሃቭ ዌይትድ ፎር ዩ»። «አግብቷታል» ስንል «ሂ ሃዝ ማሪድ ኸር» ነው፣ «ዊዝ» የሚባል ነገር አይገባም። «አዳምጬዋለሁ» ግን «ቱ» ይፈልጋል፣ «አይ ሃቭ ሊስንድ ቱ ሂም»። «ነግሬዋለሁ» ያለ ምንም «አይ ሃቭ ቶልድ ሂም» ሲሆን፣ ወንድሙ የሚመስለው «አስረድቼዋለሁ» ደግሞ «አይ ሃቭ ኤክስፕሌይንድ ኢት ቱ ሂም» ነው። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ግሱ የራሱ ዓመል አለው።

ስለዚህ ግስ ስታጠኑ ብቻውን አትጻፉት። ደብተራችሁ ላይ «ዌይት» ብላችሁ ካስቀመጣችሁ ግማሹን ነው የያዛችሁት። «ዌይትድ ፎር ሂም» ብላችሁ፣ መስተዋድዱንም ተውላጠ ስሙንም አስከትላችሁ ጻፉ። እኔ ለዓመታት የቃላት ዝርዝር ብቻ ስሸመድድ ኖሬ፣ እንዲህ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ነው አፌ የተፈታው።

ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣው ተውላጠ ስም ሁልጊዜ «ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስ፣ ዴም» ነው። «ፎር ሂ» የሚባል የለም። ከግሱ በፊት ያለው ላይ ግን አንድ የኛ ብቻ የሆነች ወጥመድ አለች። «አክስቴ ደውለውልኛል» ስንል ለአክብሮት ነው፣ ግሱ ግን «እነሱ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ይህን ይዘን «ዴይ ሃቭ ኮልድ ሚ» ካልን፣ ሰሚው ስንት ሰው እንደደወለ ያስባል። እንግሊዝኛ ለአክስትም ለታናሽ እህትም «ሺ ሃዝ» ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን አክስታችሁ አይሰሙም።

አሁን ወደ ዱባይ። «ዱባይ ሄዷል» እና «ዱባይ ሄዶ ያውቃል» በአማርኛ አይምታቱብንም። የመጀመሪያው «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ነው፣ ሰውዬው አሁን እዚህ የለም። ሁለተኛው «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ነው፣ ሄዶ ተመልሷል። እዚያው እየኖረ ከሆነ ደግሞ «ቱ» ወጥታ «ኢን» ትገባለች፣ «ሂ ሃዝ ቢን ኢን ዱባይ ፎር ስሪ ይርስ»። ስለራሳችሁ ስታወሩ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዱባይ» ማለት ለመሳቂያ ነው፣ ሄጃለሁ እያላችሁ ፊታቸው ተቀምጣችኋል።

«ፎር» እና «ሲንስ» እንዲህ ይለያሉ። ርዝመቱን ከነገራችሁ «ፎር»፣ መነሻውን ከነገራችሁ «ሲንስ»። «እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ» ውስጥ «ከ» አለች ብላችሁ «ሲንስ ስሪ ይርስ» እንዳትሉ፣ ሦስት ዓመት ርዝመት ነው። «አይ ሃቭ ቢን ሂር ፎር ስሪ ይርስ»። መነሻ ስትጠሩ ደግሞ እንደኔ እንዳትዋረዱ ዓመቱን ቀድማችሁ ቀይሩ፣ ሰዓቱንም ጭምር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስትጠብቁ ከነበረ «ሲንስ ኤይት» ነው።

በሰው ቤት ሕፃን ወይም አዛውንት ለሚንከባከቡ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሥራ ስትወዳደሩ ይህቺ ታስፈልጋችኋለች። «ሁለት ዓመት ተንከባክቤያታለሁ» ማለት «አይ ሃቭ ሉክት አፍተር ኸር ፎር ቱ ይርስ» ነው። «ኸር» መጨረሻ ላይ ነው ያለችው፣ ምክንያቱም «አፍተር» መስተዋድድ ስለሆነ ከግሱ አይነጠልም። «ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥቻቸዋለሁ» ግን «አይ ሃቭ ፒክት ዴም አፕ» ነው፣ «ዴም» መሃል ገብታለች። «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» የመሳሰሉት ግስ ላይ ተለጥፈው ትርጉሙን ሲቀይሩ፣ ተውላጠ ስሙ ብዙውን ጊዜ መሃል ይገባል። ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ፣ «አይ ሃቭ ተርንድ ኢት ኦፍ»። «ተርንድ ኦፍ ኢት» አይባልም።

ጊዜ ላይ አማርኛችን ለጋስ ነው። «ትናንት ደውዬለታለሁ» ብንል ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ወይም «አጎ» ካየ «ሃቭ»ን ያባርራል፣ «አይ ኮልድ ሂም የስተርዴይ» ብቻ። «ትናንት ደውዬልህ ነበር» የምንላትም እንደዚሁ ናት። «ነበር» ስላለች ብቻ «ሃድ» አይመጣም። «ሃድ» የሚመጣው ሁለት ያለፉ ነገሮች ሲኖሩና የቀደመውን ስታወሩ ነው፣ «እሱ ሲመጣ እኔ ደውዬለት ነበር» ዓይነት።

አንድ የጆሮ ነገር። በንግግር «ሂ ሃዝ» ተቆርጣ «ሂዝ» ብቻ ትሰማላችሁ፣ «ሂ ኢዝ»ም ስትቆረጥ «ሂዝ» ናት። ቀጥሎ «ቢን» ከመጣ «ሃዝ» ነበረች ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ዲድ ዩ ኢት የት» ሲሏችሁ ሕጉ ተጣሰ ብላችሁ አትደንግጡ፣ እዚያ በወሬ እንደዚያ ይባላል። እንግሊዞቹ «ሃቭ ዩ ኢተን የት» ይላሉ።

ልምምድ ከፈለጋችሁ መጽሐፍ አትግዙ። ስልካችሁን ክፈቱና ለሰው የላካችሁትን የመጨረሻ አሥር መልእክት አንድ በአንድ ፍቱ። መጀመሪያ ማን እንዳደረገው፣ ከዚያ «ሃቭ» ወይስ «ሃዝ»፣ ከዚያ ግሱ፣ ከዚያ መስተዋድድ ይፈልጋል አይፈልግም፣ መጨረሻ ማንን ወይም ለማን የሚለውን። አሉታ ያለባቸውን ለብቻ አስቀምጧቸው፣ እነሱ ያስቸግራሉ። «አልደወለችልኝም» ስትሉ አማርኛው አንድ ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ሁለት። ትናንት ትደውላለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ቀኑ ካለፈ «ሺ ዲድንት ኮል ሚ» ነው። አሁንም ስልኩን እያያችሁ ከሆነ «ሺ ሃዝንት ኮልድ ሚ የት»።