ማይክሮስኮፑ ጎረቤት ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ነገሩ ስለ ክራዮ-ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፦ በረዶ ውስጥ የታሰረ ናሙና በኤሌክትሮን ጨረር ይነሳል። ናሙናው ያለው ግሪድ በሚባል ትንሽ የብረት ወንፊት ላይ ነው፤ የወንፊቱን ካሬዎች ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ስስ ካርቦን ይሸፍናቸዋል፣ ምስል የሚነሳውም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው።

ምስሉ ጭልም ካለ የኮለሙ (ጨረሩ የሚወርድበት ቱቦ) ቫልቭ ተዘግቷል፣ ወይም ጨረሩ ካሜራው ላይ አላረፈም። ሶፍትዌሩን አትነካኩት።

ምስሉ ወደ አንድ ጎን የተጎተተ ከመሰለ ናሙናው እየተንሸራተተ ነው። ስቴጁ (ናሙናውን የሚያንቀሳቅሰው መድረክ) ሩቅ ሄዶ ሲቆም ትንሽ ታገሱት።

አንዳንድ ካሬ ብቻ ከደበዘዘ ግሪዱ ጎብጧል። በየካሬው ከፍታውን እንደገና አስተካክሉ። ግሪዱን በትዊዘር ጨምድዶ አምጥቶ «ሶፍትዌራችሁ አይሠራም» የሚል ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ማታ ሥራውን ለሴሪያል-ኢኤም (ማይክሮስኮፑን በራሱ ለሚያነዳው ሶፍትዌር) አስረክባችሁ ትሄዳላችሁ። ጠዋት ሎጉ ንጹህ ነው፣ ምስሉም ጥርት ያለ። የተነሳው ግን የመረጣችሁት ቀዳዳ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ሲብስ ደግሞ ቀድሞ ጨረር የበላው ቀዳዳ ይደገማል፤ ያ ዳታ አይረባም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አር 2/1 ግሪድ ላይ ቀዳዳው 2 ማይክሮሜትር፣ መሀሉ ያለው ካርቦን 1 ማይክሮሜትር ነው። ከመሀል እስከ መሀል 3። ስቴጁ በቀዳዳዎቹ መስመር ከ1.5 በላይ ከሳተ የሚቀርበው ጎረቤቱ ነው። ቀዳዳዎቹ መንታ ስለሆኑ ክሮስ-ኮሪሌሽን (አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጋር የሚያገጣጥመው ስሌት) በልበ ሙሉነት ወደ ጎረቤቱ ይስባል። አር 1.2/1.3 ላይ ደግሞ ህዳጉ 1.25 ብቻ ነው።

አንድ ባልደረባዬ ጥፋቱን ቀዳዳ ፈላጊው ሞዴል ላይ ጣለ። ምስሎች ላይ ምልክት ሲያደርግ፣ ሞዴሉን እንደገና ሲያሠለጥን ከረመ። ልፋ ያለው በህልሙ ዳውላ ይሸከማል! ሞዴሉ ቀዳዳዎቹን በትክክል አግኝቷቸው ነበር። የሳተው ስቴጁ ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ በዝቅተኛ ማጉሊያ፣ ካሬውን ሙሉ በሚያሳይ ምስል አሰልፉ። የተቀደደ ካርቦን፣ የካሬው ጥግ፣ የበረዶ ጓል ይታይ፤ እነዚህ አይደጋገሙም። ከዚያ ወደ ቀዳዳው ውረዱ። ስቴጁ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ይምጣ፣ አለዚያ የጊሩ ልቅነት ይጫወትባችኋል። ማጉሊያ በተቀየረ ቁጥር ሌንሶቹ ኖርማላይዝ ይደረጉ (የቀድሞው መግነጢስ ርዝራዥ ይጽዳ)። ኖርማላይዝ! ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ይህን የሚያጠፋ ሰው ማይክሮስኮፑ አጠገብ አይድረስ።

ክሮስ-ኮሪሌሽኑ የሚፈልግበትን ክልል ማጥበብ ብቻውን አያድንም። አር 2/1 ላይ ስቴጁ በቀዳዳዎቹ መስመር 2 ማይክሮሜትር ከሳተ ጎረቤቱ ከምስሉ መሀል 1 ማይክሮሜትር ላይ ነው፤ ጠባቡ ክልል ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው።

ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀዳዳዎች ይነሱ። ከዚያ ካሬውን በዝቅተኛ ማጉሊያ አንሱት። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ከመረጣችሁት ቀዳዳ ላይ ከሌለ ሥራውን እዚያው አቁሙት።